አልጋው ላይ የሚያድረው ጨርቅ

«እናቴ ሶፋ ላይ ታድራለች፣ አልጋዋ ላይ ጨርቅ ይተኛል ብዬ ለማን ላውራ? ሰው ቢሰማ ይስቅብናል። አይ፣ አልነገርኳትም። ጨርቅ የሚገዛው ሰውዬ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ እሷ ከሥራ የምትገባው አሥር ሰዓት ነው። ስትመጣ አልጋው ባዶ ሆኖ ይጠብቃታል። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋት ታልቅስ።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ አንደኛውን ጫማ አጥልቃ ሁለተኛውን በእጇ እንደያዘች ነው። ልጇ ወጥ ቤት ሆና ከባሏ ጋር በስልክ ታወራለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነውና የወሩን ግማሽ የሚያሳልፈው መንገድ ላይ ነው፤ የቤቱ ጉዳይ ሁሉ የሚመከረው በስልክ ነው። ልጅቱ ድምፅዋን እንዲሸፍንላት ቧንቧውን ከፍታዋለች፤ ውሃው ግን ጉልበት አጥቶ ይንጠባጠባል እንጂ ምንም የሚሸፍነው ነገር አልነበረም። እናት ገብታ «ምን አደረግኩሽ?» ልትላት አሰበች። ግን አልገባችም። ሁለተኛውን ጫማ አጥልቃ፣ በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ ስባ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ «ደህና ዋይ» ሳትል መውጣቷ ትዝ አላት። ሁልጊዜ ትላት ነበር። አሁን ሰምታኛለች ብላ ትጠረጥር ይሆን ስትል በጭንቀቷ ላይ ሌላ ጭንቀት ደረበች።

የእናትየዋን ክፍል ላየ ሰው የልጅቱ ወሬ ማጋነን አልነበረበትም። በሩ ከግማሽ በላይ አይከፈትም፤ ከበስተኋላው ሦስት ሻንጣ ተደራርቧል። አልጋው ላይ ብትን ጨርቅ እየታጠፈ ተከምሮ የመስኮቱን ግማሽ ጋርዶታል፤ ከሥር ፖፕሊኑ፣ ከላዩ አበባ ያለበት ጥጥ፣ ከዚያ ለኮት የሚሆን ሱፍ፣ ከሁሉም በላይ እንዳይጨማደድ የሳሳችለት ስስ ጨርቅ። አልጋው ሥር በካርቶን የታጨቀው ገና አልተቆጠረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልብስ ሰፊዋ ማታ ማታ ክምሩን ወደ ወለሉ አውርዳ ትተኛና ጠዋት መልሳ ትከምረው ነበር። ከዚያ ወገቧ እንቢ አለ። «ለዛሬ ብቻ» ብላ ሶፋው ላይ ጋደም ካለች አራት ዓመት አለፋት።

ያ ሁሉ ጨርቅ ባለቤት ነበረው። ልብስ ሰፊዋ ሥራ ስትጀምር ቁጥር ማንበብ አታውቅም፤ ስለዚህ የሰው ልክ የምትወስደው በጨርቅ ቅዳጅ ነበር። ቀጭን ቅዳጅ ትወስድና ትከሻውን ለክታ ትቋጥራለች፣ እጅጌውን ለክታ ትቋጥራለች፣ ደረቱን ለክታ ትቋጥራለች፤ ወገብ ላይ ሲደርስ ድርብ ቋጠሮ። የማታ ትምህርት ገብታ፣ ቁጥሩንም ፊደሉንም ካወቀች በኋላ እንኳ ልማዱ አልለቀቃትም። ጨርቅ በገዛች ቁጥር የታሰበለትን ሰው ቅዳጅ ታስርበታለች። የእህቷ አለ፣ የጎረቤቷ አለ፣ የሥራ ጓደኛዋ አለ፤ የልጇማ በየዕድሜዋ ነው። «የኔ ነገር ከምን ደረሰ?» ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፦ «ጊዜ አጣሁ እኮ! ጡረታ ልውጣ ብቻ።» አሁን ጡረታ ለመውጣት ሦስት ሳምንት ቀርቷታል።

የምትሠራበት ሆስፒታል ልብስ ክፍሉን ምድር ቤት ነው ያደረገው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ከውጭ የሚታየው የሚያልፍ የሚያገድም ሰው እግር ብቻ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ተቀምጣ የተቀደደ አንሶላ ጥፋለች፣ የትራስ ልብስ ሰፍታለች፣ የመጋረጃ ጠርዝ ቀምቅማለች። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፤ በተወጠረ ገመድ ላይ የሄደ ይመስላል፤ አዲስ የሚቀጠር ሁሉ መጥቶ እንዲያየው ይደረግ ነበር። ያን ቅዳሜ ግን አንዱን የትራስ ልብስ አፉን ጭምር ሰፍታ ዘጋችው። ክሩን እየፈታች ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች፣ መልሳ ትፈታለች፣ መልሳ ታያለች።

«ዛሬ ምን ሆነሻል?» አለቻት ልብስ ተኳሿ። ቀኑን ሙሉ ትልቁ ካውያ ፊት ቆማ ስለምትውል፣ አፏም እንደ ካውያው ስለማያርፍ፣ ሥራ ቤት የሚጠራት ሁሉ እንፋሎት ነው የሚላት። «ሰዓቱን በዓይንሽ ልትገፊው ነው እንዴ? ሦስት ሳምንት እኮ ነው! ከዚያ በኋላ ይሄን ከተማ እንደ ሙሽራ ታለብሺዋለሽ። የኔን ቀሚስ ግን በመጀመሪያ! ልኬን ስትወስጂ ወገብ ነበረኝ፣ አሁን የለኝም፤ እሱን አስቢበት።»

«ይደርሳል፣ አትቸኩይ።»

«እኔ የምለው አንቺ፣ ለመሆኑ ከአንሶላ ሌላ ምን ሰፍተሽ ታውቂያለሽ? እጅጌ ያለው ነገር ማለቴ ነው።»

እንፋሎት ይህን ያለችው ለጨዋታ ነበር፤ ወዲያው ዞራ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ልብስ ሰፊዋ ግን የያዘችው ክር ከእጇ ወደቀ። እጅጌ ያለው ነገር በሕይወቷ አንድ ጊዜ ቆርጣ ታውቃለች። ልጇ ሰባት ዓመት ሲሞላት ቢጫ ቀሚስ ሰፍታላት፣ አንገቱ ሰፍቶ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ፣ ልጅቱ ፎቶ የተነሳችው ከላይ ሹራብ ደርባ ነበር። ማንም ምንም አላላትም። ልጅቱም አላለቀሰችም፤ ሹራቡን ራሷ አምጥታ ነው የለበሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ የአንሶላ ያልሆነ ጨርቅ ላይ መቀስ ስታሳርፍ እጇ ይርዳል። መግዛት ግን አያስፈራትም። ሱቅ ገብቶ ጨርቁን በጣት መዳበስ፣ ይህ ለእህቴ፣ ይህ ለልጄ ማለት፣ ያልተቆረጠውን አጥፎ አልጋ ላይ ማኖር ደስ ይላል፤ ያልተቆረጠ ነገር አይበላሽም። «ጊዜ የለኝም» ብላ ሃያ ዓመት ኖራለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ጊዜ ይኖራታል። ያን ጊዜ ምን ትላለች? ሌሊት ሌሊት ሶፋው ላይ የሚያገላብጣት ይኸው ነበር፤ ለማንም ተናግራው አታውቅም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን «ቤት ነገር ገጥሞኛል» ብላ አስፈቀደች። እንፋሎት «ሂጂ፣ የቀረውን እኔ እሸፍንልሻለሁ» አለቻት፤ ምን ነገር ብላ አለመጠየቋ ልብስ ሰፊዋን አስገረማት። ከአውቶቡሱ የወረደችው ከሰፈሯ አንድ ፌርማታ ቀድማ ነው። ቶሎ መድረስ ሲገባት ለምን ቀድማ እንደወረደች እሷም አታውቀውም። እግሯ ራሱ ወስዶ ጨርቅ ሱቁ በር ላይ አቆማት። ባለሱቁ ገና ሲያያት «እናቴ፣ ጊዜዎን ጠብቀው መጡ! ትናንት የገባ ነው» ብሎ አረንጓዴ፣ ቅጠል የመሰለ ጥጥ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። ልብስ ሰፊዋ ዳሰሰችው። ለስላሳ ነው። ዛሬ ጨርቋን ሁሉ ሊጭኑባት ነው፤ አልጋዋ ላይ ያለውን ለማዳን እየተጣደፈች ነው፤ እንዲያም ሆኖ አፏ «ሁለት ሜትር ተኩል» ሲል ሰማችው። ስትከፍል ደረቷ ትንሽ ቀለል አላት። ሱቁን ወጥታ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ግን ያዘለችው ድንጋይ የሆነ ያህል ከበዳት፤ ከረጢቱን ቦርሳዋ ውስጥ ጠቅጥቃ ዚፑን ዘጋችው።

ቤት ስትደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ባዶ ማዳበሪያዎች ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል። ልጇ የባሏን ትልቅ ሸሚዝ ለብሳ፣ የክፍሉ በር ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ታያለች፤ አልገባችም። እናቷን ስታይ ክው ብላ ቀረች።

«እማ! ምነው፣ በሰላም?»

«በሰላም ነው። ጠዋት ሰምቼሻለሁ።»

የላይኛው ቤት ሰዎች ወንበር ሲጎትቱ ይሰማል። ልጅቱ ማዳበሪያውን አንስታ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው።

«ልታስወጪኝ ነው እንዴ?» አለች እናት።

«እኔ አንቺን? አልጋሽን ልመልስልሽ ነው እንጂ! ሦስት ሳምንት ሲያልቅ ቀኑን ሙሉ የት ልትውዪ ነው? ሶፋው ላይ? ሌሊት ሶፋ፣ ቀን ሶፋ?»

እናት ጫማዋን አውልቃ በግማሹ በር ሾልካ ገባች። ከክምሩ ላይ የመጀመሪያውን ጨርቅ አነሳች፤ ቅዳጁን መፍታት ጀመረች። «ልኩን እንኳ ላውጣ» አለች። «የሰው ልክ ያለበት ነገር ለማያውቁት ሰው አይሰጥም።» ልጅቱ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች እጇን ዘረጋች፤ እናት ትፈታለች፣ ልጅ ትቀበልና ማዳበሪያው ውስጥ ታስገባለች። እንዲህ እያደረጉ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠሩ። የእህቷ ቅዳጅ አራት ጨርቅ ላይ ነበር፤ እህቷ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። የጎረቤቷ ሰባት ላይ ነበር፤ ጎረቤቷ ቤቷን ሸጣ ከሄደች ስንት ጊዜዋ። አንዳንዱን ቋጠሮ ይዛ ብታየው ብታገላብጠው የማን ትከሻ እንደሆነ ጠፋባት። አንዱ በጣም ጠባብ ነው፣ የሕፃን ነው፤ የማን ሕፃን? ያ ሕፃን ዛሬ ጢም አብቅሎ ይሆናል። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ያለበስኩ መስሎኝ የማከማቸው የማይመለስ ሰው ልክ ነው ለካ አለች በልቧ።

ከሥር አካባቢ አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ወጣ። ወፍራም፣ ቀለሙ ያልለቀቀ፣ አራት ሜትር ጥጥ። ልጇ ስትመረቅ እንድትለብሰው የተገዛ ነበር፤ ልጅቱ የተመረቀችው ግን የተዋሰችውን ቀሚስ ለብሳ ነው። እናት ቅዳጁን ፈትታ ያዘችው። «ይሄን አልሰጥም» አለች። «ነይ እስኪ፣ ቁሚ።»

«እማ፣ ሰውየው ሊደርስ ነው።»

«ቁሚ አልኩሽ!»

ልጅቱ ቆመች። እናት እንደ ልማዷ ቅዳጁን በሸሚዙ ላይ በወገቧ አዙራ ጫፉን ከድርቡ ቋጠሮ ጋር ልታገናኘው ሳበችው። አልገናኝ አለ። ትልቅ ሆናለች እኮ፣ ብላ ትንሽ ላላ አደረገችና እንደገና ሳበችው። ከአንድ ስንዝር በላይ ጎደለ። በጀርባ በኩል በእጇ ስትዳብሳት ልጅቱ እንደ ድሮዋ ቀጭን ናት። በፊት በኩል ስትዳብሳት ጠንካራ ነገር እጇ ላይ መጣ። እናት እጇን አላነሳችም። ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«አምስት።»

«አምስት ወር ሙሉ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ከኔ ጋር?»

«ብነግርሽ» አለች ልጅቱ ወደ ግድግዳው እያየች፣ «ጨርቅ ትገዢ ነበር።»

እናት ሳቋ ሊመጣ ነበር፤ የልጇን ዓይን ስታይ ተመለሰ። ልጅቱ የምታየው ግድግዳውን አልነበረም፤ ከክምሩ ጎን ብቻውን ታጥፎ የተቀመጠውን ነጭ ጨርቅ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ልጅቱ «ሁለት ወር ሆኖኛል» ያለቻት ማታ እናት አልተኛችም፤ በማግስቱ ለሕፃን ገላ የሚሆን ስስ ነጭ ጥጥ አምስት ሜትር ገዝታ ገባች። ያ ፅንስ አራተኛ ወሩን አልጨረሰም። ልጅቱ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ሁለቱም ስለ ምሳ ተነጋገሩ፤ ስለ ነጩ ጨርቅ ማንም አላነሳም፤ ጨርቁም ከቦታው አልተነሳ። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል እግሯን አስገብታ አታውቅም። እናት አቧራው አስጠልቷት ይመስላት ነበር።

«እኔ አልታየኝም» አለች እናት። «አንድም ቀን አልታየኝም፣ የኔ እናት።»

ቦርሳዋን ከፍታ አረንጓዴውን ጨርቅ አውጥታ በልጇ እጅ ላይ አኖረችው። «ዛሬም ገዝቻለሁ። አሁን፣ ስመጣ።» ልጅቱ ጨርቁን አየችው፣ እናቷን አየቻት። ልትቆጣ ነበር፤ ግን ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

በሩ ተንኳኳ። የጨርቅ ነጋዴው አጭር፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ማዳበሪያዎቹን በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘናቸው። «ደህና ዋሉ እናቴ። አቤት! ይሄ ቤት ሱቅ ነበር እንዴ?» ልጅቱ አረንጓዴውን ስታቀብለው አሸተተው። «ይሄኛው ገና የሱቅ ሽታው አልለቀቀውም። የተሰረቀ ነገር አልገዛም እንግዲህ።»

«ከራሴ ነው የሰረቅኩት፣ ውሰደው» አለችው።

ነጩን ጨርቅ ለማንም አልተወችውም። ራሷ አነሳችው፤ ልጇን «ልስጠው?» ብላ በዓይኗ ጠየቀቻት፤ ልጅቱ «ስጪው» አለች። እናት ከማዳበሪያው ታች አስገብታ በላዩ ሱፉን ጫነችበት። ነጋዴው አራት ጊዜ ደረጃውን ወጣና ወረደ። ሲጨርስ የቀረው በአንድ ሻንጣ የሚገባ ጨርቅና ሰማያዊው ብቻ ነበር። ፍራሹ ላይ የክምሩ ቅርፅ ተቀርፆ ቀርቷል፤ መሃሉ እንደ ገንዳ ጎድጉዷል። ክፍሉ ድምፅ ማስተጋባት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ መሃል ላይ ቆማ ዙሪያውን አየች፤ እፎይ የምትል መስሏት ነበር፤ አሁን ምን ልበል የሚለው ፍርሃት ብቻ ነው የመጣባት። የምትደበቅበት ነገር አልቀረም።

«የምትለብሺው አለሽ?» አለች።

«የባሌ ሸሚዝ አለ አይደል?»

«ከፊቱ የሚከፈት ቀሚስ ያስፈልግሻል። ኋላ ስታጠቢም ይሆንሻል።» ቆም አለች። «ዛሬ ልቁረጠው።»

ልጅቱ የሳሎኑን ጠረጴዛ ጠራረገችላት። እናት አዲስ ቅዳጅ ወስዳ ልኳን አዲስ ወሰደች፤ ድርብ ቋጠሮውን ሰፋ አድርጋ ቋጠረችው። በጋዜጣ ላይ የቀሚሱን ፊት ግማሽ ሳለች፤ ያንኑ እያስቀመጠች ሁለት ጊዜ ስትቆርጥ ሙሉ ፊት ይወጣል። የጨርቁን የላይ ፊት ወደ ላይ አድርጋ ዘረጋች፣ ጋዜጣውን በስፒል አያያዘች፣ መቀሱን አስጠጋች። ያ ቢጫ ቀሚስ ከትከሻ ሲንሸራተት ታያት። መቀሱን አስቀመጠችው። ውሃ ጠጣች። ልጅቱ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የማታያት ለመምሰል ጥፍሯን ታያለች። እናት ተመለሰችና ዓይኗን ጨፍና የመጀመሪያውን ቆረጠች፤ ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ቀጠለች። መቀሱ ጨርቁን እየበላ ሲሄድ የሚሰማው ድምፅ ያስፈራትን ያህል አልሆነም። አንደኛውን ጨረሰች። ጋዜጣውን አንስታ እንዳለ ጎን ላይ አስቀመጠችና ሁለተኛውን ቆረጠች፤ አሁን ፈጠን ብላ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ሥራ ቤት።

«ነይ፣ ላያይዝልሽ።»

አንደኛውን በልጇ ግራ ትከሻ ላይ አስቀመጠች። ገጠመ። ሁለተኛውን በቀኙ ልታስቀምጥ አነሳችው፤ አንገቱ ወደ ብብት ሄደ። ገለበጠችው፤ አንገቱ ተመለሰ፣ ደብዛዛው የውስጥ ፊቱ ግን ወደ ውጭ መጣ። መልሳ አዞረችው። ልብስ ሰፊዋ ፊቷ አመድ መሰለ። አንሶላ ግራና ቀኝ የለውም። የትራስ ልብስ ግራና ቀኝ የለውም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ግራና ቀኝ የሌለው ነገር ስትሰፋ ኖራ፣ ጋዜጣውን ሳትገለብጥ ሁለት ግራ ቆርጣለች።

«ሁለቱም ግራ ነው» አለች ድምፅዋ ተቆራርጦ። «አበላሸሁት። ይኸው። ይሄንን ነው ሁልጊዜ…» አልጨረሰችውም። ሃያ ዓመት የሸሸችው ነገር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ልጅቱ ሁለቱን ቁራጭ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈቻቸው፤ አየቻቸው፤ ወደ እናቷ ዞረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ እስክትወድቅ ሳቀች። «ሁለት ግራ ጎን ያለው ሰው ከየት ልውለድልሽ፣ እማ?» አለች እንባዋን እየጠረገች። እናት ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሳትለየው ቆየች። ጣሪያው አልወደቀም። ልጅቱም ሹራብ ፍለጋ አልሄደችም።

«ስንት ቀረ?» አለች ልጅቱ ብድግ ብላ።

እናት የቀረውን ሰማያዊ ጨርቅ በክንዷ ለካችው። «ለቀኙና ለጀርባው ይበቃል። እጅጌ አይወጣውም።»

«እጅጌው ይቅርብኝ። ቀኙን ቁረጪልኝ።»

ጨርቁን አብረው ዘረጉት፤ ልጅቱ አንደኛውን ጫፍ በሁለት እጇ ተጭና ያዘችላት። እናት ጋዜጣውን አነሳች፣ ፊቱን ወደ ታች ገልብጣ አስቀመጠችው፣ ዙሪያውን በስፒል ያዘችው። እጇ አሁንም ይንቀጠቀጣል። «ሆድሽን ከመቀሱ ራቅ አድርጊ» አለችና መቁረጥ ጀመረች።